እያደገ ያለ ጉልበት፦ የልጆች የጅማት ቀዶ ሕክምና ለምን ያከራክራል?

የባርሴሎናው አማካይ ጋቪ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2023 ለስፔን ብሔራዊ ቡድን ሲጫወት የጉልበቱ ጅማት ተበጠሰ። ወሩ ሳያልቅ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። የስፖርት ዘገባ የሚከታተል ሰው እንዲህ ያለውን ዜና ለምዶታል፤ “ኤሲኤል” የሚለውን ምህጻረ ቃል ሲሰማ ተጫዋቹ ለወራት ከሜዳ እንደሚርቅ ያውቃል። የጋቪ ጉዳይ በሕክምና በኩል ብዙ የሚያጠያይቅ አልነበረም። ዕድሜው 19 ነበር፤ በዚያ ዕድሜ የጉልበት አጥንቶች ማደጋቸውን ጨርሰዋል።

ያው ጅማት በ11 ዓመት ልጅ ጉልበት ውስጥ ሲበጠስ ግን ወላጆች ሁለት የሚጣሉ ምክሮች ይደርሷቸዋል። አንዱ “እስኪያድግ ጠብቁ፣ አሁን ከተነካ እግሩ ያጥራል” ይላል። ሌላው “ቶሎ ካልተሠራ ጉልበቱ ያልቃል” ይላል። ሁለቱም ከባዶ የመጡ አይደሉም። የመጀመሪያው ትናንት በነበረው የቀዶ ሕክምና ስልት ላይ የተመሠረተ ሥጋት ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ ዘግይተው በመጡ ልጆች ጉልበት ውስጥ ከታየው ጉዳት የመጣ ነው። ክርክሩን የሚፈታው ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ሳይሆን፣ ልጁ ገና ምን ያህል እንደሚያድግና ጉልበቱ ምን ያህል እንደሚከዳው ማወቅ ነው።

የሚበጠሰው የቱ ጅማት ነው?

አማርኛ እዚህ ላይ ትንሽ ያስቸግራል። አጥንትን ከአጥንት የሚያስረውንም፣ ጡንቻን ከአጥንት የሚያገናኘውንም “ጅማት” ብለን በአንድ ስም እንጠራቸዋለን። በሕክምናው ግን ሁለቱ የተለያዩ ናቸው፤ በዚህ ቀዶ ሕክምና የሚደረገውም የመጀመሪያው ዓይነት ሲበጠስ ሁለተኛውን ዓይነት ወስዶ በቦታው መተካት ነው።

ኤሲኤል ማለት የፊተኛው መስቀለኛ ጅማት ነው። ጉልበት ውስጥ ሁለት ጅማቶች እንደ መስቀል ተላልፈው ይገኛሉ። የፊተኛው የጭንን አጥንት ከቅልጥም አጥንት ጋር አስሮ፣ ቅልጥሙ ወደ ፊት እንዳይንሸራተትና ሰውነት ሲዞር ጉልበቱ አብሮ እንዳይጠመዘዝ ይይዛል። ብዙ ጊዜ የሚበጠሰው ማንም ሳይነካው ነው፦ ልጁ ሲሮጥ ድንገት አቅጣጫ ሲቀይር፣ ወይም ዘሎ በአንድ እግሩ ሲያርፍ። “ቋ” የሚል ድምፅ ተሰምቶ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ጉልበቱ ደም ቋጥሮ ያብጣል።

ከሁለት ሳምንት በኋላ እብጠቱ ይጎድላል፣ ሕመሙ ይቀንሳል፣ ልጁም ቀጥ ብሎ ይራመዳል። ቤተሰብ “ድኗል” የሚለው ያኔ ነው። ልጁ ሜዳ ተመልሶ ሲዞር ግን ጉልበቱ ይከዳዋል። የተበጠሰ መስቀለኛ ጅማት በአብዛኛው ራሱን መልሶ አይጠግንም፤ የጉልበቱ ውስጥ ፈሳሽ የተበጠሱትን ጫፎች የሚያገናኝ የረጋ ደም እንዳይቆይ ያደርጋል።

በጉልበቱ ውስጥ ሜኒስከስ የሚባሉ ሁለት የጨረቃ ቅርጽ ያላቸው ትራሶች አሉ። ጉልበት በከዳ ቁጥር ጭነቱ በእነሱ ላይ ያርፋል። ሜኒስከስ ሲቀደድና መሰፋት ሲያቅት ተቆርጦ ይወጣል፤ የተቆረጠው ደግሞ አይተካም። በ12 ዓመቱ ይህን ትራስ ያጣ ልጅ በ30ዎቹ ዕድሜው የጉልበት መገጣጠሚያ መበላት ሊገጥመው ይችላል። የመዘግየት ዋና ዋጋ ይህ ነው፤ በዓይን ስለማይታይ ግን ከእግር ማጠር ያነሰ ይፈራል።

የማደጊያው ንጣፍ

የልጅ አጥንት የሚረዝመው ከመሃሉ ሳይሆን ከጫፎቹ አጠገብ ባለ ስስ የለስላሳ አጥንት ንጣፍ በኩል ነው። ሐኪሞች ግሮውዝ ፕሌት ይሉታል፤ እዚህ የማደጊያ ንጣፍ እንበለው። ዕድገት ሲያበቃ ንጣፉ ወደ አጥንት ተለውጦ ይዘጋል።

ችግሩ ጉልበት የእግር ዋና የማደጊያ ሥፍራ መሆኑ ነው። ከጭን አጥንት ዕድገት 70 በመቶ ያህሉ የሚገኘው ከጉልበት በላይ ካለው ንጣፍ ነው። ከቅልጥም አጥንትም ከግማሽ በላዩ ከጉልበት በታች ካለው ይመጣል። በአዋቂ ሰው የተለመደው ቀዶ ሕክምና ደግሞ በሁለቱም አጥንቶች ውስጥ ቀዳዳ ሰርስሮ ምትኩን ጅማት ማሳለፍና በብሎን ማሰር ነው። ይህ በልጅ ላይ እንዳለ ቢደረግ መሰርሰሪያው ንጣፎቹን በስቶ ያልፋል።

ንጣፉ ሲጎዳ የሚመጣው መዘዝ ሁለት ዓይነት ነው። ሙሉ በሙሉ ከቆመ እግሩ ከሌላኛው እግር ያጥራል። በአንድ በኩል ብቻ ከቆመ ግን ሌላው ወገን ማደጉን ስለሚቀጥል እግሩ ይጣመማል። የጭን አጥንቱ ቀዳዳ ወደ ውጭኛው ጎን ያዘነበለ ስለሆነ፣ በተግባር ብዙ ጊዜ የታየው ጉልበቱ ወደ ውስጥ የሚገባበት መጣመም ነው። ስለዚህ “እግሩ ያጥራል” የሚለው የተለመደ ፍርሃት ራሱ በከፊል አቅጣጫውን የሳተ ነው፤ ሐኪሞች ይበልጥ የሚጠነቀቁት ለመጣመሙ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2002 በታተመ የቀዶ ሐኪሞች ዳሰሳ ላይ 15 እንዲህ ያሉ የዕድገት መዛባቶች ተመዝግበው ነበር። ምክንያታቸው ሲመረመር በብዛት የተገኘው ብሎን ወይም ከምትኩ ጅማት ጋር የተወሰደ የአጥንት ቁራጭ በንጣፉ ላይ ተጋድሞ መቀመጡ ነው። በጥንቸሎች ላይ የተደረጉ ሙከራዎችም ተመሳሳይ ነገር ጠቁመዋል፦ ዕድገቱ የሚታወከው ቀዳዳው ከንጣፉ ስፋት 7 በመቶና ከዚያ በላይ ሲይዝ ነው። በልጅ ጉልበት ላይ 8 ሚሊ ሜትር ስፋት ያለው ቀዳዳ የንጣፉን 3 በመቶ እንኳ አይሞላም። ጥንቸል ሰው አይደለም፤ ግን የሁለቱ ግኝቶች መግጠም የዛሬውን የቀዶ ሕክምና ጥንቃቄ ቀርጿል፦ ቀዳዳው ትንሽ፣ ወደ መሃል የተጠጋና ቀጥ ያለ ይሁን፤ በንጣፉ ውስጥ የሚያልፈው ለስላሳ ጅማት ብቻ ይሁን፤ ብሎኑ ከንጣፉ ይራቅ።

ምን ያህል ዕድገት ይቀራል?

የአጥንት ሐኪሞች አንድ ቀላል የጣት ስሌት አላቸው። ከጉልበት በላይ ያለው ንጣፍ በዓመት 10 ሚሊ ሜትር፣ ከጉልበት በታች ያለው 6 ሚሊ ሜትር ያህል ያሳድጋል፤ ሴቶች በ14፣ ወንዶች በ16 ዓመት ያቆማሉ። ስሌቱ ሻካራ ነው፤ ውሳኔውን ግን ጥሩ አድርጎ ያሳያል።

የ10 ዓመት ወንድ ልጅ እንውሰድ። ስድስት ዓመት ይቀረዋል፤ በዓመት 16 ሚሊ ሜትር ሲባዛ በጉልበቱ ዙሪያ ብቻ 10 ሴንቲ ሜትር ሊጠጋ ዕድገት ይጠብቀዋል። በእሱ ላይ ንጣፉን ማቆም ከባድ ጉዳት ነው። የ13 ዓመት ሴት ልጅ ግን የቀራት 1.6 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። ክፉው ሁሉ ቢደርስና ሁለቱም ንጣፎች ቢቆሙ እንኳ የእግሮቿ ልዩነት ከ2 ሴንቲ ሜትር በታች ይሆናል፤ ይህ ብዙ ጊዜ በጫማ ውስጥ በሚገባ መደላድል የሚታለፍ ነው። ሁለቱም “ልጆች” ተብለው በአንድ ምክር ሲጠቃለሉ ስህተት የሚፈጠረው ለዚህ ነው። እሱ ሊጠነቀቁለት የሚገባ ትንሽ ልጅ ነው፤ እሷን “እስክታድግ” ማስጠበቅ ግን ያለ በቂ ምክንያት ጉልበቷን ለተጨማሪ ጉዳት ማጋለጥ ሊሆን ይችላል።

እዚህ ላይ የሚቆጠረው የልደት ዓመት ሳይሆን የአጥንት ዕድሜ ነው። አንድ ዓይነት የልደት ቀን ያላቸው ሁለት ልጆች በአጥንት ዕድሜ የሁለት ዓመት ልዩነት ሊኖራቸው ይችላል። ሐኪሙ የግራ እጅን ራጅ አንስቶ እ.ኤ.አ. በ1950 በወጣው የግሮይሊክና ፓይል አትላስ ካሉት ምስሎች ጋር ያነጻጽራል፤ የጉርምስና ምልክቶችንና የወላጆችን ቁመትም ይጠይቃል። አትላሱ የተሠራው በክሊቭላንድ፣ ኦሃዮ ከነበሩ በደህና ኑሮ ያደጉ ልጆች ነው። ምግብ ያነሰው ልጅ አጥንቱ ከልደት ዓመቱ ወደ ኋላ ሊቀር ይችላል።

ለኢትዮጵያ ይህ ዝርዝር ጉዳይ አይደለም። አገር አቀፍ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ ነው፤ ከዚያ በፊት የተወለዱ ብዙ ታዳጊዎች የልደት ቀናቸው በግምት የተጻፈ ነው። በታዳጊ ቡድኖች ዙሪያ የሚነሳውን የዕድሜ ምርመራ ጭቅጭቅ የሚያውቅ አንባቢ ነገሩ አይገርመውም። ፊፋ እ.ኤ.አ. በ2009 በናይጄሪያ ከ17 ዓመት በታች የዓለም ዋንጫ ላይ የጀመረው የእጅ አንጓ ኤምአርአይ (በመግነጢስ የሚነሳ ምስል) ተመሳሳይ መርህ ይከተላል፦ ንጣፉ ተዘግቷል ወይስ አልተዘጋም? ለውድድር ተብሎ ሁለት ዓመት የተቀነሰለት ልጅ ሐኪም ፊት ሲቀርብም ያንኑ ቁጥር ከያዘ፣ ለገና ሕፃን የሚመረጥ ስልት ሊታሰብለት ይችላል። ሐኪሙ ወረቀቱን ትቶ ራጁን ማመን አለበት።

ቀዶ ሐኪሙ ንጣፉን እንዴት ይሸሻል?

ገና ብዙ ለሚያድጉ ልጆች ከሚመረጡት መንገዶች አንዱ ከቦስተን የመጣ ነው። እነ ላይል ሚኬሊና ሚኒንደር ኮከር ያዳበሩት ስልት አጥንት ጨርሶ አይሰረስርም። ከጭኑ ውጭኛ ጎን ካለው ሰፊ የጅማት ሸማ ቁራጭ ይለቀቃል፤ የታችኛው ጫፉ ከተፈጥሮ ቦታው ሳይነቀል በጭን አጥንቱ ጀርባ ዞሮ በጉልበቱ ውስጥ ያልፍና ከቅልጥሙ ፊት ጋር ይሰፋል። መንገዱ የተፈጥሮው ጅማት የነበረበት መንገድ አይደለም፤ ለዚህም አንዳንድ ሐኪሞች ይተቹታል። ውጤቱ ግን ጠንካራ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 በታተመ የ237 ልጆች ክትትል ምትኩ ጅማት እንደገና የተበጠሰባቸው 6.6 በመቶ ነበሩ፤ አማካይ ዕድሜያቸው 11 ዓመት ነበር።

ሌላው መንገድ ከቴነሲው ሐኪም አለን አንደርሰን ጋር ይያያዛል። ቀዳዳው ይሰረሰራል፤ ግን በማደጊያው ንጣፍና በመገጣጠሚያው መካከል ባለችው ትንሽ የአጥንት ጫፍ ውስጥ ብቻ፣ ራጅ እየታየ። ምትኩ ወደ ተፈጥሮ ቦታው ይቀርባል፤ ስህተት የሚፈቀድበት ቦታ ግን ጥቂት ሚሊ ሜትር ነው። ለጎረመሱና ዕድገታቸው ወደ ማብቂያው ለቀረበ ደግሞ ንጣፉን በጥንቃቄ በስቶ የሚያልፈው የትንሽ ቀዳዳ ስልት በቂ ነው። ንጣፉ ሊዘጋ የተቃረበ እንደ አዋቂ ይታከማል።

ምትኩ ከየት ይወሰዳል የሚለውም ያከራክራል። ከራሱ ከልጁ የጭን ኋላ ጡንቻ ጅማት ወይም ከጉልበት ሎሚ በላይ ካለው ጅማት መውሰድ የተለመደ ነው። ከሟች ለጋሽ የሚወሰድ ጅማት በወጣቶች ላይ ቶሎ እንደሚበጠስ ተደጋግሞ ስለታየ አይመከርም። በአውስትራሊያ ከወላጅ ጅማት ወስዶ ለልጅ የመትከል ልምድም አለ።

ቦስተንና ኦስሎ

በዚህ ጉዳይ ሁለት ወገኖች አሉ ሲባል ብዙ ጊዜ የሚጠቀሱት ሰሜን አሜሪካና ኖርዌይ ናቸው። የአሜሪካ ሐኪሞች ቀደም ብሎ ወደ መጠገን ያደላሉ። መከራከሪያቸው እ.ኤ.አ. በ2014 በወጣ የጥናቶች ማጠቃለያ ላይ ይደገፋል፤ በዚያ መሠረት ያለ ቀዶ ወይም ዘግይተው ከታከሙት 75 በመቶ ያህሉ ጉልበታቸው ይከዳቸው ነበር፣ ቀድመው ከተሠራላቸው ግን 13.6 በመቶ ብቻ። ልዩነቱ ግዙፍ ነው። ሆኖም በእነዚህ ጥናቶች ልጆቹ በዕጣ ለሁለት አልተከፈሉም፤ “ሳይታከሙ የቆዩ” ከተባሉት ውስጥ በቂ የጡንቻ ማጠናከሪያ ያላገኙ ይኖራሉ።

የኖርዌይ ተመራማሪዎች የያዙት ይህን ክፍተት ነው። በ12 ዓመትና ከዚያ በታች የተጎዱ ልጆችን በፊዚዮቴራፒ፣ በጉልበት ደጋፊና በተደጋጋሚ ምርመራ አቆይተው፣ ቀዶ ሕክምናውን ለሚያስፈልገው ብቻ አደረጉ። ስምንት ዓመት ያህል ቆይቶ በታየው ውጤት ከግማሽ በላዩ በመጨረሻ ጅማቱ ተጠግኖላቸዋል፤ ከሦስቱ አንዱ ያህልም የሜኒስከስ ቀዶ ሕክምና ደርሶባቸዋል። ይህ ቁጥር እንደ አንባቢው ይተረጎማል። አንዱ “ግማሽ የሚጠጉት ከቢላ ዳኑ” ይላል፣ ሌላው “ከግማሽ በላዩ መዘግየት ብቻ ነው የተረፋቸው” ይላል። ከተጠገኑት ብዙዎቹ ግን በቆዩባቸው ዓመታት ስላደጉ፣ ይበልጥ ቀላልና አስተማማኝ በሆነ ስልት ሊሠራላቸው ችሏል፤ ይህም ራሱ ትርፍ ነው።

አንዳንዴ ካኖን የተባለው የስዊድን ጥናት “ቀዶ አያስፈልግም” ለማለት ሲጠቀስ ይታያል። ያ ጥናት የተደረገው ከ18 እስከ 35 ዓመት ባሉ 121 ሰዎች ላይ ነው። ስለ ልጆች የሚናገረው ነገር የለም።

የዓለም አቀፉ ኦሊምፒክ ኮሚቴ የሰበሰባቸው ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ2018 ባወጡት የጋራ መግለጫ ሁለቱንም መንገዶች ተቀብለዋል። ቀዶ ሕክምና የሚያስፈልገው ሊጠገን የሚገባው ሌላ ጉዳት ሲኖር፣ በተለይ ሜኒስከስ ሲቀደድ፤ በቂ ፊዚዮቴራፒ ተደርጎም ጉልበቱ መክዳቱን ሲቀጥል፤ ወይም ልጁ ከሚወደው እንቅስቃሴ ከሚገባው በላይ ሲታገድ ነው ብለዋል። ሚዛናዊ መስመር ነው። ግን ሁሉም ነገር የተንጠለጠለው “በቂ ፊዚዮቴራፒ” በሚለው ሐረግ ላይ ነው።

መጠበቅ ማለት መተው አይደለም

በኦስሎ መጠበቅ ማለት ለወራት በባለሙያ የሚመራ ልምምድ፣ በየጊዜው የሚለካ የጡንቻ ጉልበትና የኤምአርአይ ክትትል ነው። ከዋና ከተማ ራቅ ባለ የኢትዮጵያ አካባቢ “እስኪያድግ ይጠብቅ” የተባለ ልጅ ግን ብዙ ጊዜ ይህ ሁሉ የለውም፤ ምክሩ ተሰጥቶት ወደ ቤቱ፣ ከዚያም ወደ ሜዳ ይመለሳል። ስሙ አንድ ይሁን እንጂ ሕክምናው አንድ አይደለም። ስለዚህ የኖርዌይን ውጤት ጠቅሶ ያለ ፊዚዮቴራፒ ማስጠበቅ ጥናቱን እንደመጥቀስ ሊቆጠር አይችልም። የልጆች አጥንት ሕክምና የሚሰጡ ተቋማት አሉ፤ በአዲስ አበባ ጥቁር አንበሳና ኪዩር ኢትዮጵያ ይጠቀሳሉ። ከእነሱ እስከ ልጁ ቀበሌ ያለው ርቀት ግን በውሳኔው ውስጥ መግባት አለበት፦ ልምምዱን ማግኘት የማይችል ልጅ ቢያንስ አቅጣጫ መቀያየርና መዝለል ካለበት ስፖርት መታገድ ይኖርበታል።

ወጌሻ የሚገባውም እዚህ ነው። ብዙ ቤተሰብ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ እሱ ነው፤ ቅርብ ነው፣ ዋጋው ይቻላል፣ ሰውም ያምነዋል። ነገር ግን ወዲያው ያበጠ ጉልበት በልጅ ላይ የተለየ ትርጉም አለው። የልጅ አጥንት ከጅማቱ ይልቅ የሚሸነፍበት ጊዜ ስላለ፣ ጅማቱ ሳይበጠስ የተጣበቀበትን የቅልጥም አጥንት ቁራጭ ገንጥሎ ሊነሳ ይችላል። ይህ በተራ ራጅ ይታያል፤ በጊዜው ወደ ቦታው ከተመለሰና ከታሰረ ወይም ከተሰፋ የራሱ ጅማት ይተርፍለታል። ታሽቶና ተጎትቶ ሳምንታት ካለፉት ቁራጩ ያለ ቦታው ይገጥምና ጉልበቱ መዘርጋት ይሳነዋል። በሰዓታት ውስጥ ደም የቋጠረ የልጅ ጉልበት ከመታሸቱ በፊት ራጅ ይነሳ የሚለው ምክር ወጌሻን መናቅ አይደለም።

ከተሰፋ በኋላ

ወላጆች ቀዶ ሕክምናው ሲያልቅ ጉዳዩ ያለቀ ይመስላቸዋል። ሁለት ነገሮች ገና ይቀራሉ።

አንደኛው ዕድገቱን መከታተል ነው። ልጁ ማደጉን እስኪጨርስ ድረስ በየስድስት ወሩ እስከ ዓመቱ ሁለቱም እግሮች ይለካሉ፤ ቆሞ የሚነሳ ሙሉ የእግር ራጅም ይታያል። መጣመም ቀድሞ ከታወቀ በማደጊያው ንጣፍ አንድ ጎን ትንሽ ብረት ለጊዜው በማሰር፣ የልጁ የራሱ ዕድገት እግሩን እንዲያቀናው ማድረግ ይቻላል። ዕድገት ካበቃ በኋላ የተገኘ መጣመም ግን አጥንት መቁረጥ ይጠይቃል።

ሁለተኛው ዳግም መበጠስ ነው፤ ከዕድገት መዛባት ይልቅ በጣም የሚደጋገመውም እሱ ነው። ከ25 ዓመት በታች ሆነው ወደ ስፖርት ከተመለሱት 23 በመቶ ያህሉ በዚያው ወይም በሌላኛው ጉልበት ዳግመኛ እንደሚጎዱ አንድ ሰፊ ማጠቃለያ አሳይቷል። ምትኩ ጅማት በአጥንት ውስጥ ሕይወት ዘርቶ እስኪጠነክር ጊዜ ይፈልጋል፤ ልጁ ግን በአራተኛው ወር ምንም አያመውም። የኦሊምፒክ ኮሚቴው መግለጫ ለልጆች ቢያንስ 12 ወር እንዲጠበቅ ይመክራል። አሠልጣኝም ሆነ አባት “ደህና ነው እኮ፣ ይሮጣል” ማለት የሚጀምሩት ከዚያ ብዙ ቀድመው ነው፤ መሮጥ መቻል ግን ድንገት ዞሮ መቆም መቻልን አያሳይም።

ወደ ሜዳ ከመመለሱ በፊት የሚለማመዳቸው እንቅስቃሴዎች ገና ላልተጎዱ ልጆችም የሚሆኑ ናቸው። ፊፋ 11+ ኪድስ የተባለው ማሟሟቂያ በስዊዘርላንድ፣ በጀርመን፣ በኔዘርላንድስና በቼክ ሪፐብሊክ ከ7 እስከ 13 ዓመት ባሉ ተጫዋቾች ላይ ተፈትኖ፣ እ.ኤ.አ. በ2018 በታተመው ውጤት የጉዳት ብዛትን በ48 በመቶ ቀንሷል። ቁጥሩ የሁሉንም ዓይነት ጉዳት እንጂ የመስቀለኛውን ጅማት ብቻ አይመለከትም። ልምምዶቹ ሰባት ናቸው፤ ውድ መሣሪያ አይፈልጉም። ሦስቱ በአንድ እግር መዝለልንና ማረፍን፣ ሦስቱ የወገብንና የሰውነትን ጥንካሬ ያሠራሉ፤ ሰባተኛው ልጁ ሲወድቅ እንዴት ተንከባሎ እንደሚነሳ ያስተምረዋል።